ዋርፋሪን ከምን ጋር አይስማማም? ስለ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፋርማሲ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ዋርፋሪን ሊወስዱ ከሚመጡት መካከል ወጣቶች ብዙ ናቸው። በልጅነት የያዛቸው የጉሮሮ ሕመም ለልብ ተርፎ፣ የልብ በራቸው ተጎድቶ ወይም በሰው ሠራሽ በር ተቀይሮላቸው ነው። ሌሎቹ የልብ ምታቸው የተዛባ፣ ስትሮክ የመታቸው ወይም እግራቸው ላይ ደም የረጋባቸው ናቸው። መድኃኒቱን ተቀብለው ይወጣሉ፤ ከበሩ ደርሰው ይመለሳሉ። «ቆይ እስቲ፣ ጎመን ግን እበላለሁ?»

እዚህ የሰበሰብኳቸው ከበር የሚመልሱ ጥያቄዎች ናቸው። ሁሉንም ማስታወስ ቢያቅትዎ አንዷን ብቻ ይያዙልኝ፦ ዋርፋሪን ለውጥ አይወድም። አዲስ መድኃኒት፣ አዲስ ቅጠል፣ አዲስ የአመጋገብ ልማድ ሲመጣ ለሐኪምዎ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያዎ ይንገሩ፤ ደምዎንም ይለኩ።

ደም ማቅጠኛ ሲባል ደሙን እውነት ያቀጥነዋል?

አያቀጥነውም። የደምዎ ውፍረት ያው ነው። የሚለወጠው የሚረጋበት ፍጥነት ነው። ጉበታችን ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል። ዋርፋሪን ይህን ቫይታሚን መልሶ መላልሶ እንዳይጠቀምበት ያግደዋል። ስለዚህ ደም የሚያረጉት ነገሮች ይቀንሳሉ፤ ደሙም ቶሎ አይረጋም።

ይህ በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም። ቀድሞ ተሠርቶ በደም ውስጥ ያለው እስኪያልቅ መጠበቅ አለ። ሙሉ ኃይሉ እስኪታይ አምስት ቀን ገደማ ይፈጃል። ዛሬ የተሳሳቱት ነገር ውጤቱ ዛሬ የማይታየውም ለዚህ ነው።

የምንለካው አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። አብዛኛው የዋርፋሪን ተጠቃሚ ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ እንዲቆይ ይፈለጋል። ሚትራል በሚባለው የልብ በር ቦታ የብረት በር የተገጠመለት ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5። ከዚህ ሲወርድ ደም የመርጋት ስጋት ይመጣል፤ ሲያልፍ የመድማት። መንገዱ ጠባብ ነው። ለሌላ ሰው ምንም የማይመስል ነገር እርስዎን ከመንገዱ ሊያወጣዎ ይችላል።

ዋርፋሪን የአይጥ መርዝ ነው አሉኝ። እውነት ነው?

ነበር። ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው ይስሙት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ከብቶች በትንሽ ቁስል ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ጀመር። ሲመረመር የበሉት ድርቆሽ ሻግቶ ነው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ፖል ሊንክ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከድርቆሹ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ነገር ነጥለው አወጡ። ከዚያው ዝርያ የተሠራው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ ማጥፊያነት ገበያ ላይ ዋለ። በ1954 ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። በዓመቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ይህንኑ መድኃኒት ወሰዱ።

ልዩነቱ መጠኑና ክትትሉ ነው። ይህን ታሪክ የምነግርዎ ግን ለሌላም ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ራሱ የተገኘው ከሣር ነው። «ቅጠል ምን ያደርጋል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ እነዚያን ከብቶች አስታውሳለሁ።

ጎመን ተከለከልኩ። እውነት ጭራሽ አልበላም?

ይበላሉ። ይህን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጎመንና ቆስጣ በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ናቸው። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ከ90 እስከ 120 ማይክሮግራም አካባቢ ነው። ግማሽ ኩባያ የበሰለ ጎመን ብቻውን ከዚህ በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊሰጥ ይችላል። ቫይታሚን ኬ ሲበዛ የዋርፋሪኑ ሥራ ይዳከማል፤ አይ ኤን አሩ ይወርዳል። ስለዚህ ብዙ ሰው «ጎመን እርም» ይባላል።

ክልከላው ግን ሌላ ችግር ያመጣል። ቫይታሚን ኬ ጭራሽ የማያገኝ ሰው በሰውነቱ ያለው ክምችት ትንሽ ይሆናል። አንድ ቀን ዘመድ ቤት ሄዶ ጎመን በሥጋ ሲቀርብለት፣ ያቺ አንድ ምግብ ብቻዋን ልኬቱን ልታናጋ ትችላለች። በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን የሚበላው ሰው ይሻላል፤ ሐኪሙ የዋርፋሪኑን መጠን በዚያው ላይ ያስተካክልለታል። በሳምንት ሁለት ቀን ጎመን የሚበሉ ከሆነ ሁለት ቀን ይቀጥሉ። ዋናው ዛሬ ድስት ሙሉ፣ ለወር ደግሞ ጭራሽ ምንም እንዳይሆን ነው።

በተለይ በጾም ሰሞን ይጠንቀቁ። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም። ማዕዱ ላይ ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ሰላጣው ይበዛል። አይ ኤን አሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። ጎመኑ ይቀራል፣ ዶሮውና ሥጋው ይተካል፣ ጠጁም ይጨመራል። አሁን ደግሞ ልኬቱ ወደ ላይ ይወጣል። በሌላ በኩል በጾሙ ምክንያት ጠቅላላ ምግባቸው በጣም የሚቀንስ ሰዎች አሉ። እነሱ ላይ ጾሙ ራሱ አይ ኤን አሩን ወደ ላይ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ጾሙ ከገባ ከሳምንት በኋላ አንዴ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ደግሞ አንዴ መለካት ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ክትትል ላይ ያለ ሰው ቀጠሮው የሚያዘው በወር ቆጠራ ነው፤ የጾሙን መግቢያ ቀን የሚያስታውስለት እሱ ራሱ ነው።

ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሥር በዚህ በኩል አያሳስቡም። ጥቅል ጎመን ከሐበሻው ጎመን በጣም ያነሰ ቫይታሚን ኬ ነው ያለው። በኮንሶና በአካባቢው እንደሚደረገው ሽፈራውን የዕለት ምግብ አድርጎ የኖረ ሰው እንደኖረው ይቀጥል። የምሰጋው ለጤና ጥሩ ነው ተብሎ የሽፈራው ዱቄት ዛሬ በማንኪያ ለጀመረው ነው።

እየጾምኩ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ልውሰድ?

ዋርፋሪን በቀን አንዴ የሚወሰድ ነው፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ቢያደርጉት እስከ 9 ሰዓት ከሚጾመውም፣ በረመዳን ከሚጾመውም ጋር አይጋጭም። ሰዓቱን ካንዴ በላይ አይቀያይሩት።

ራሴን ሲያመኝ፣ ቁርጥማት ሲነሳብኝ ምን ልውሰድ?

ፓራሲታሞል። እሱም ቢሆን በልክ። 500 ሚሊግራሟን ኪኒን በቀን እስከ አራት፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ። ከዚያ በላይ ለብዙ ቀን ሲወሰድ አይ ኤን አርን እንደሚጨምር ይታወቃል። ሕመሙ ከቀጠለ ይንገሩን፣ እንለካ።

ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ እነዚህን ይተዉ። ልኬቱን ባይለውጡትም እንኳ ጨጓራን ይልጣሉ፤ ደምን ለመርጋት የሚረዱትን ሕዋሳትም ያደክማሉ። ጨጓራ ላይ ትንሽ ቁስል፣ ደሙ ደግሞ የማይረጋ። ሰው ሳያውቀው ወደ ውስጥ ይደማል። የወገብ ሕመም የያዘው ሰው ወደ ክሊኒክ ገብቶ «አንድ መርፌ ስጡኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ዲክሎፌናክ ነው። ክንድዎን ከመስጠትዎ በፊት «ዋርፋሪን ላይ ነኝ» ይበሉ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር እባክዎ ይለማመዷት።

የሕመም ማስታገሻው ትራማዶልም ልኬቱን ወደ ላይ ሊያወጣው ይችላል። የጡንቻ ቅባቶችን ብዙ ሰው አይጠረጥራቸውም። ያ የሚያቃጥለው፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰብረው ቅባት ብዙውን ጊዜ የአስፕሪን ዘመድ አለበት። ሰፊ ቦታ ላይ በየቀኑ ሲቀባ በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል።

አስፕሪን ግን የልብ ሐኪምዎ አስቦበት ከዋርፋሪን ጋር ያዘዘልዎ ከሆነ ይህን አንብበው እንዳያቆሙት። አስልቶ ነው የሰጠዎ። እኔ የማወራው ለራስ ምታት ተብሎ ከሱቅ ስለሚገዛው ነው።

አሜባ ነው ብለው ፍላጅል ሰጡኝ። ችግር አለው?

አለው፣ ትልቅ ችግር አለው። በእኛ አገር የዋርፋሪን ተጠቃሚን ከሚያደሙት ነገሮች ሁሉ እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ሆድ ሲነፋ ሁላችንም «አሜባ» እንላለን፣ ሜትሮኒዳዞል (ፍላጅል ማለት ነው) እንገዛለን። ሜትሮኒዳዞል ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድበትን መንገድ ይዘጋል። መውጫ ያጣው ዋርፋሪን ደም ውስጥ ይጠራቀማል። አንድ ጊዜ ይህን አይቻለሁ። ደንበኛዬ የነበረ ወጣት ከሌላ ቦታ ፍላጅል ገዝቶ በሳምንቱ ድዱ እየደማ መጣ። ማንም ሌላ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ አልጠየቀውም፤ እሱም ለሆድ የሚወሰድ ነገር ከልብ መድኃኒቱ ጋር ይገናኛል ብሎ አላሰበም። ተርፏል። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንኛውንም አንቲባዮቲክ ከመስጠቴ በፊት እጠይቃለሁ።

ከዚሁ ወገን የሆኑ ሌሎችም አሉ። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል፣ ባክትሪም የምንለው፣ ከሜትሮኒዳዞል አይተናነስም። ለታይፎይድ የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን አለ። ለፈንገስ ፍሉኮናዞል። ለአፍ ቁስል የሚቀባው የማይኮናዞል ጄል እንኳ ተቀብቶ ብቻ ብዙ ሰው አድምቷል። የኤች ፓይሎሪ ጨጓራ ሕክምና ደግሞ ክላሪትሮማይሲን አለበት፣ አንዳንዴ ሜትሮኒዳዞልም ይጨመርበታል።

እነዚህን መውሰድ ጭራሽ አይቻልም ማለቴ አይደለም። ኢንፌክሽን መታከም አለበት። አንዳንዴ ሌላ አማራጭ ይኖራል፤ ለምሳሌ አሞክሲሲሊን በአብዛኛው ለስለስ ይላል። አማራጭ ከሌለ ሐኪሙ የዋርፋሪኑን መጠን ቀንሶ ይሰጥዎታል። በጀመሩ ከሦስት እስከ አምስት ባለው ቀን ይለካሉ፤ ሲጨርሱም እንደገና ይለካሉ። የመጨረሻዋን ልኬት ብዙ ሰው ይረሳታል። አንቲባዮቲኩ ሲያበቃ መንገዱ ይከፈታል፤ በተቀነሰው መጠን ከቀጠሉ አይ ኤን አሩ ይወርዳል።

በሽታው ራሱም አለ። ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ምግብ መዝጋት ያለ ምንም አዲስ መድኃኒት ልኬቱን ያወጡታል። ሦስት ቀን ተቅማጥ ከያዘዎ መድኃኒት ባይወስዱም ይደውሉ።

በተቃራኒው ዋርፋሪንን የሚያደክሙ መድኃኒቶችስ?

የመጀመሪያው የቲቢው ሪፋምፒሲን ነው። ጉበት ዋርፋሪንን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጋል። የተለመደው መጠን አልሠራ ይላል፤ ሐኪሙ በእጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጨምራል። የቲቢ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ነው። አደጋው የሚመጣው ሲያልቅ ነው። ሪፋምፒሲን ከቆመ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጉበት ወደ ቀድሞው ፍጥነቱ ይመለሳል፣ የዋርፋሪኑ መጠን ግን እንደተጨመረ ነው። የቲቢ ክፍሉ «ጨርሰሃል፣ እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ ያሰናብታል፤ የልብ ክፍሉ አልሰማም። መልእክቱን ማድረስ በበሽተኛው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። የመጨረሻዋን ኪኒን የሚውጡበትን ቀን ለልብ ሐኪምዎ አስቀድመው ይንገሩ።

ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታልም ጉበትን ያፋጥናሉ። ለራስ ቆዳ ፈንገስ የሚሰጠው ግሪሲዮፉልቪንም እንደዚያው። ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች አሁን በብዛት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር በዚህ በኩል ብዙም አያስቸግርም፤ ኢፋቪሬንዝና ሪቶናቪር ያለባቸው ግን ክትትል ይፈልጋሉ። ለልብ ምት የሚሰጠው አሚዮዳሮን ደግሞ ወደ ላይ የሚያወጣ ነው። ቀስ ብሎ በሳምንታት ውስጥ ይጀምራል፣ ካቆሙትም በኋላ ለወራት ከሰውነት አይወጣም።

የወር መርፌዬን እየወሰድኩ ነው። ዋርፋሪን ላይ ሆኜ ልቀጥል?

የሩማቲክ የልብ ሕመም፣ ያ ከጉሮሮ ሕመም ለልብ የሚተርፈው፣ ያለባቸው ሁሉ ይህን ይጠይቃሉ። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የጉሮሮው ኢንፌክሽን ተመልሶ ልብን እንዳይጎዳ ይጠብቃል። በራስዎ እንዳያቋርጡት። መድኃኒቱ ከዋርፋሪን ጋር ብዙም ችግር የለበትም፤ የሚያሳስበው መርፌው ጡንቻ ውስጥ መግባቱ ነው። ልኬቱ ከፍ ብሎ ሳለ ከተወጋ ጡንቻው ውስጥ ደም ሊጠራቀም ይችላል። ስለዚህ ከመወጋትዎ በፊት የቅርቡን አይ ኤን አር ያሳዩ። ከተወጉ በኋላ ቦታውን ሳያሹ ለበርካታ ደቂቃ አጥብቀው ይጫኑ። ካበጠና ከጠነከረ ይመለሱ። ልኬቱ አልረጋ ብሎ የሚያስቸግረው ሰው በሚዋጥ ፔኒሲሊን ሊቀየርለት ይችላል።

ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እርድስ?

ወጥ ውስጥ ከገባ አይጨነቁ። በርበሬው ውስጥ ያለው ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ አልጫ ላይ ያለው እርድ፣ ዳቦ ላይ የተነሰነሰው ጥቁር አዝሙድ ዕድሜ ልክዎን የበሉት ነው። ሐኪሙ መጠንዎን የለካው ያንኑ እየበሉ ሳሉ ነው።

ችግሩ ቅመሙ መድኃኒት ሲሆን ይመጣል። ጉንፋን ሲይዝ ነጭ ሽንኩርት በማር በየጠዋቱ፣ ዝንጅብል በፔርሙስ ሙሉ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በማንኪያ። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲወሰዱ ደም ለመርጋት የሚሰባሰቡትን ሕዋሳት ያዘገያሉ። የእርዱ ነገር ደግሞ በይፋ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2018 የኒውዚላንድ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ አወጣ። ዋርፋሪን ላይ የቆየ አንድ ሰው እርድ ያለበት ምርት ጀምሮ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አይ ኤን አሩ ከ10 በላይ ሆኖ ተገኘ። ከ2 እስከ 3 መሆን የነበረበት ልኬት ነው።

ጤና አዳም በቡና ላይ አንድ ዘለላ ጣል ማድረግ አንድ ነገር ነው። ጤና አዳም፣ ዳማከሴና ሌላም ቅጠል ተጨምቆ በብርጭቆ መጠጣት ሌላ ነው። የጭማቂ መጠን አይታወቅም፤ የዛሬው ከትናንቱ ይለያል። ዋርፋሪንን ደግሞ በሚሊግራም ነው የምንለካው። ኮሶና ሌላም ሆድ የሚያጥብ ነገር የሚያመጣው ተቅማጥ ብቻውን በቂ ችግር ነው። የባህል መድኃኒት አዋቂው ጋ ከሄዱ ለእሱም «ደም ማቅጠኛ ላይ ነኝ» ይበሉት። ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገራት ያላችሁ ደግሞ ወደ እናትና አባት የምትልኩትን ጠርሙስ ጀርባውን አንብቡ። ጊንኮ የመድማት ዕድል ይጨምራል። ጂንሰንግና ሴንት ጆንስ ዎርት ዋርፋሪኑን ያደክማሉ። አንዳንድ መልቲቫይታሚን ውስጥ ቫይታሚን ኬ አለ። በፍቅር እንደሚላክ አውቃለሁ፤ ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ግን ሊጎዳቸው ይችላል።

ጸበል ስገባ መድኃኒቱን ላቁም?

አያቁሙ። ይህን የምለው እምነትዎን አክብሬ ነው፤ እኔም ጸበል እጠመቃለሁ። ዋርፋሪን ሲቆም ኃይሉ በቀናት ውስጥ ያልቃል። ሰው ሠራሽ የልብ በር ያለው ሰው በሩ ላይ ደም ሊረጋ፣ ተቆርሶም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ሁለት ሳምንት ጸበል ቦታ ተቀምጦ በስትሮክ ተሸክመውት የተመለሰ ሰው ቤተሰብ አልቅሶልኛል።

በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ጸበል ቦታ ያሉ አባትን ያማክሩ፣ መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ። ጸበሉን ጠጥተው ካስመለስዎት ወይም ምግብ ካቆሙ ግን ልኬቱ ሊወጣ ስለሚችል ሲመለሱ ቶሎ ይለኩ።

ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄስ?

ሐኪምዎ በሌላ ምክንያት ካልከለከለዎ በበዓል ቀን አንድ ብርሌ የሚጎዳ አይደለም። አደጋው በአንድ ቀን ብዙ መጠጣት ነው። ጉበት አልኮሉን ሲያስወግድ ዋርፋሪኑን ይተወዋል፤ ልኬቱ ይወጣል። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። የሰከረ ሰው ይወድቃል፣ ጭንቅላቱንም ይመታል፤ ዋርፋሪን ላይ ላለ ሰው ይህ ብቻውን ለሞት ይበቃል።

ቡናስ?

ይጠጡ። ሦስቱንም፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ።

እነዚህ ጣጣዎች የሌሉባቸው አዲስ መድኃኒቶች አሉ ይባላል። ልቀየር?

ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባንና ዳቢጋትራን የሚባሉት ናቸው። ጎመን አያሳስባቸውም፣ የአይ ኤን አር ክትትልም አይፈልጉም። ግን የብረት የልብ በር ላለው ሰው አይሆኑም፤ ሲሞከር ጉዳት ስላመጣ ተቋርጧል። በሩማቲክ ሕመም ሚትራል በራቸው ጠቦ የልብ ምታቸው ለተዛባ ሰዎችም እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ትልቅ ጥናት ዋርፋሪንና ወገኖቹ ከሪቫሮክሳባን እንደሚሻሉ አሳይቷል። የእኛ አገር ታካሚ ብዙው ከእነዚህ ሁለቱ አንዱ ነው። ለእግር ደም መርጋት ወይም በሩ ጤነኛ ሆኖ የልብ ምቱ ለተዛባ ሰው ግን ጥሩ አማራጭ ናቸው።

ከመድኃኒት ጋር መጋጨቱ እነሱም ላይ አለ። ሪፋምፒሲንና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ያደክሟቸዋል። እነ ዲክሎፌናክ እዚህም ያደማሉ። የሪቫሮክሳባን 15 እና 20 ሚሊግራም ኪኒን ከምግብ ጋር ካልተወሰደ በደንብ አይሠራም።

ማርገዝ እፈልጋለሁ።

ከማርገዝዎ በፊት ይምጡ። ዋርፋሪን ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት የጽንሱን አፈጣጠር ሊጎዳ ይችላል። በራስ ማቆም ደግሞ ለእናቲቱ ሕይወት አደጋ ነው። ሐኪሙ የትኛው ጊዜ ላይ በሄፓሪን መርፌ እንደሚተካ አብሮዎት ያቅዳል። የወር አበባዎ ሳምንት ካለፈ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ። ጡት ማጥባት ግን ይቻላል፤ ወደ ወተቱ የሚገባው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አንድ ቀን ብረሳስ?

በዚያው ቀን ካስታወሱ ይዋጡ። ካደረ ይተዉት፣ የዛሬውን ብቻ ይውሰዱ። ደርቦ መዋጥ የለም። የረሱበትን ቀን ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ልኬቱ ሲዛባ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል።

መቼ ነው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ያለብኝ?

ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንትዎ ከቀላ፣ ነስር አሥር ደቂቃ ተጭነውት ካልቆመ፣ የወር አበባ ከወትሮው በጣም ከበዛ። ከዚህ በፊት የማያውቁት ከባድ ራስ ምታት ከመጣ። ጭንቅላትዎን ከተመቱ፣ ምንም ባይታይዎትም። በሌላ በኩል ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ነገ አይበሉ።

ዘመዴ ከውጭ ዋርፋሪን ላከልኝ። ቀለሙ ግን ይለያል።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። የዋርፋሪን ኪኒን በሚሊግራሙ ልክ ቀለም ይሰጠዋል፤ የቀለሙ ትርጉም ግን ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ ሮዟ ኪኒን 1 ሚሊግራም ናት። በእንግሊዝ ሮዟ 5 ሚሊግራም ናት። አንድ ቀለም፣ አምስት እጥፍ ልዩነት። ሰማያዊዋም በአሜሪካ 4፣ በእንግሊዝ 3 ናት። አክስቷ ከለንደን፣ ወንድሟ ከዋሽንግተን የሚልኩላት ሴት ሁለቱን አንድ ብልቃጥ ውስጥ ስትገለብጥ አይቼ ደንግጫለሁ።

የተላከልዎን በማሸጊያው ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር ይያዙት፣ ከሌላው ጋር አይቀላቅሉት። ከመጀመርዎ በፊት ከነካርቶኑ ወደ ፋርማሲ ያምጡት፤ ቁጥሩን አብረን እናንብበው። ከአንድ ፋብሪካ ወደ ሌላ ሲቀይሩም ከሳምንት በኋላ አንዴ ይለኩ።